ለነፋስ ፈንዱ ክቡር ሰብሳቢ፦ ተሻጋሪ ስላልተገኘበት ወንዛችን

ለነፋስ ኃይል ማመንጫው የአካባቢ ልማት ድጋፍ ፈንድ ክቡር ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና፣ በመሐሉም ጥቂት ቅሬታ ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ባለፈው ወደ ኮረብታችን ብቅ ባሉ ጊዜ ከመኪናዎ ሳይወርዱ በመስኮት በኩል እጅዎን አወዛውዘውልን መስኮቱን ቶሎ ስለዘጉት፣ ጉንፋን ቢጤ ይዟቸው ይሆናል ብዬ እስካሁን ሐሳብ ገብቶኝ ሰንብቷል። ተሽሎዎት እንደሆነ ደስ ይለኛል። እኛ ደኅና ነን። ነፋሱም ደኅና ነው፣ አንድ ቀን እንኳ ከሥራው ቀርቶ አያውቅም።

ሰሞኑን ለመንደራችን የጻፉትን ቁጣ ያለበት ደብዳቤ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አንብቤዋለሁ። መልሱን በመጨረሻ አቀርባለሁ። ከዚያ በፊት ግን ማን እንደሚጽፍልዎ ይወቁ። እኔ ከኮረብታው ሥር፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ባለችው ባለ አንድ መስኮት ክፍል ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። በመንደሩ ማን እንደከሳና ማን እንደወፈረ ከባለቤቱ በፊት የማውቀው እኔ ነኝ። የስፌት መኪናዬ በእግር የሚረገጥ ነው፤ ከጣሪያዬ በላይ የሚያልፈው ሽቦዎ ወደ ከተማ ስለሚቸኩል እኔ ጋ ጎራ ለማለት ጊዜ የለውም። ስለዚህ አላማርርም፣ የቸኮለን እንግዳ በግድ ግባ አይባልም።

ማራገቢያዎቹ ሲተከሉ (እኛ እንዲህ ነው የምንላቸው፣ ተርባይን እንደሚባሉ ተነግሮናል) ከሚያስገኙት ገቢ ጥቂቱ ከሥራቸው ላለነው መንደሮች ይመለሳል፣ ለየሰፈሩ ትንንሽ ሥራ ይውላል ተብለን ነበር። ፈንዱ የእናንተው ነው፣ እኛ ጠባቂዎች ብቻ ነን ብለው በድምፅ ማጉያ የተናገሩትም እርስዎ ነዎት። የቀድሞ ሰዎች ላም አለኝ በሰማይ ወተቷን የማላይ ሲሉ ላሚቱን አይተዋት አያውቁም ነበር። እኛ ግን ቀና ባልን ቁጥር እናያታለን፤ ሦስት ቀንድ አላት፣ ቀንና ሌሊት ታዞራቸዋለች።

የጠየቅነው ትንሽ ነገር ነው። ከጤና ጣቢያው የሚለየን ወንዝ ጠባብ ነው፣ ግን ክፉ ነው። በበጋ ልጆች ዘለው ያልፉታል፣ ዝናብ ሲጥል በሬ ይወስዳል። በላዩ ላይ አናጺው አጎቴ የሠራው የእንጨት ድልድይ ነበረን። ሳንቃው እዚህም እዚያም በስብሶ፣ መደገፊያው ላልቶ፣ በተሻገርን ቁጥር ሲጢጥ ይል ነበር። ቢሆንም ያሻግር ነበር። ለመጠገኛ አዲስ ሳንቃና ጥቂት ብረት እንዲሰጡን አመለከትን። የግሌም ምክንያት ነበረኝ፣ አልደብቅዎትም። ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት፣ እሷም የመጀመሪያዋን አርግዛ ነበር። አዋላጇ የደም ግፊት አግኝታባት በየጊዜው እየመጣሽ ታይ፣ ምጥ ሲጀምርሽ ደግሞ ሳትውዪ ሳታድሪ ድረሽ፣ ቤት እወልዳለሁ እንዳትዪ ብላታለች። በድልድዩ ከሆነ የተጣደ ውሃ ሳይፈላ ጤና ጣቢያው ይደረሳል። በዋናው መንገድ ዞሮ መሄድ ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ያውም መኪና ከተገኘ።

አሁን ቅሬታዎቼን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ሥልጠናው። ከተማ ባለው ሆቴል አዳራሽ፣ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ለያንዳንዳችን አንድ እስክሪብቶና አንድ ጠርሙስ ውሃ አድለው፣ ችግራችንን እንዴት እንደምንናገር ስላስተማሩን እግዜር ይስጥልን። እስከዚያ ቀን ድረስ ድልድያችን ሊወድቅ ነው እያልን ራሳችንን ስናዋርድ ኖረናል። አሠልጣኙ እንዳስረዱን ትክክለኛው አነጋገር የተደራሽነት ክፍተት አለብን የሚለው ነው። ክፍተቱንስ እናውቀው ነበር፣ እግራችን ይገባበት ነበር፤ ስሙን ነው ያላወቅነው። ከዚያ ወዲህ እኔም ክር ሲያልቅብኝ የክር ተደራሽነት ክፍተት አጋጥሞኛል እላለሁ። ደንበኞቼ ግን አልሠለጠኑምና ሱሪያችንስ ይሉኛል።

ሁለተኛ፣ ለአዲስ ነገር ስላለዎት ፍቅር። ማመልከቻችን እንደደረሰዎ ባለሙያዎን ላኩልን። እኛ ወዲያው ብለን ነው የምንጠራቸው፤ ለተጠየቁት ሁሉ ወዲያው ይፈጸማል ስለሚሉ ነው እንጂ ለክፋት አይደለም። ደንበኞቼ በሚጠብቁባት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ እኔ ሊወድቅ የደረሰ የኮታቸውን ቁልፍ በነፃ እየተከልኩላቸው፣ ፈንዱ ጥገና እንደማይደግፍ በትዕግሥት አስረዱን። ፈንዱ የሚወደው አዲስ፣ የሚታይና የሚመረቅ ነገር ነው፤ ለተጠገነ ድልድይ ሪባን አይቆረጥም። ቀጥለውም፣ ቃል በቃል ላስታውስዎ፣ እዚህ ቦታ ድልድይ የሚባል ነገር ባይኖር ኖሮ ከሁሉም በፊት የምትታዩት እናንተ ነበራችሁ አሉና፣ የተጠገነ ቁልፋቸውን ቆልፈው ሄዱ።

እኔ ዕድሜ ልኬን የኖርኩት በጥገና ነው። በእርስዎ ደንብ ብሠራ ኖሮ ክርኑ የተቀደደ ሸሚዝ ይዞ የመጣን ሰው፣ ሂድና አቃጥለኸው ራቁትህን ተመለስ፣ ያን ጊዜ እናይልሃለን ማለት ነበረብኝ። ይህን እያወቅሁ እኔም ከሰው ጋር እጄን አወጣሁ። ምን አደረግን መሰለዎ? በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰብስበን፣ የተማረ ሰው ቃል መሬት አይወድቅም ተባብለን፣ ድልድያችንን በገዛ እጃችን አፈረስነው። አዎ፣ አፈረስነው። እንዳያፍሩልን እንዳያፍሩብን፣ እኛ አፍረን ጨርሰናል። ወንዙ በደረቀበት ወራት ሳንቃውን አንድ በአንድ ነቀልን። አጎቴ የራሱን ምስማር እየነቀለ፣ እያቃና፣ በጣሳ እያጠራቀመ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ዋለ። ደኅና ደኅናው ሳንቃ ለተማሪዎች መቀመጫ ሆነ፣ የበሰበሰው ተማገደ። ከዚያም ባዶውን ዳርቻ ፎቶ አንስተን ላክንልዎ። እርስዎም ፍላጎቱ በገሃድ ተረጋግጧል፣ እንኳን ደስ ያላችሁ ብለው ጻፉልን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለላት ሴትዮ የእኛን ብታይ በራሷ ትኮራ ነበር። ያን ሰሞን የልጄ ሆድ መታየት ጀምሮ ነበር፤ የቀሚሷን ጎን ፈትቼ ያሰፋሁላት በዚያው ሳምንት ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ቆጠራው። ዝናቡ ከገባ በኋላ የድልድዩን ተጠቃሚ ብዛት የሚያጠኑ ሁለት ባለሙያዎች ላኩልን። የፈንዱ ስም በተጻፈበት ጃንጥላ ሥር፣ በሚታጠፍ ወንበር ላይ፣ ወንዙ ዳር ተቀመጡ። ወንዙ ሞልቶ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። ሰው እስከ ዳርቻው እየመጣ ውሃውን አይቶ ይመለሳል። ትኩሳት የያዘው ልጇን ያዘለች ጎረቤቴ ቆማ ቆማ ተመለሰች። ልጄም የክትትል ቀኗ ነበርና መጣች፣ አየች፣ ተመለሰች። አንዳቸውም አልተቆጠሩም፤ ጥናቱ የሚመለከተው የሚሻገሩትን እንጂ መሻገር የሚፈልጉትን አይደለምና። ሻይ ይዤላቸው ሄጄ፣ ልጆቼ፣ ድልድይ በሌለበት ማን ይሻገራል ብላቸው፣ እኛም የምንጽፈው ይህንኑ ነው እናቴ፣ የሚሻገር የለም አሉኝ። ጨዋ ልጆች ናቸው፣ ብርጭቆዎቹን አለቅልቀው ነው የመለሱልኝ።

ብዙም ሳይቆይ ውሳኔዎ ደረሰን። በተጠቀሰው ቦታ አንድም ተሻጋሪ ባለመገኘቱ ጥያቄያችሁ ውድቅ ተደርጓል ይላል። ሞኝን ሁለት ጊዜ እባብ ነደፈው፣ አንዴ ሳያይ፣ አንዴ ሲያሳይ ይባላል። እኛ ሁለተኛውን የተነደፍነው በባለሙያ ፊት ነው፣ ስለዚህ ጥናቱ ላይ ሰፍሮልናል። ለዚህም እናመሰግናለን።

አራተኛውን ቅሬታ ጽፌው ነበር፣ መልሼ ሳነበው ለጨዋ ሰው የሚላክ ሆኖ ስላላገኘሁት ሰርዤዋለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ ቢሮዎ መስተንግዶ። ልጄ ወሯ እየገባ ሲመጣ ዝም ማለት አቃተኝና በዋናው መንገድ ዞሬ ወደ ቢሮዎ መጣሁ። የመጠበቂያ ክፍልዎ በእውነት ያምራል። ወለሉ ፊት ያሳያል። ግድግዳው ላይ በወረቀት የተሠራ ማራገቢያ የያዘች ሕፃን በጥርሷ ሁሉ ትስቃለች፣ ጥግ ላይ ያለው እውነተኛው ማራገቢያ ደግሞ በእኛ ነፋስ ይዞራል። ጸሐፊዎ፣ ማኅበረሰቡን ስለማዳመጥ በሚመክር ስብሰባ ላይ ስለሆኑ ማንንም ማዳመጥ እንደማይችሉ በትሕትና ነገሩኝ። ጠበቅሁ። ስብሰባው አለቀና በሌላው በር ወጡ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኸው ነው። ጸሐፊዎ አዝነውልኝ የሐሳብ መስጫ ሳጥኑን አሳዩኝ፣ ቁልፉ ከጠፋ መቆየቱንም አልደበቁኝም። ሰው እውነቱን ሲነግረኝ ደስ ይለኛል።

ስጠብቅ ግድግዳው ላይ የተፈቀዱትን ሥራዎች አነበብኩ። ከእኛ አካባቢ የተፈቀደው፣ እንግዶች ቆመው ማራገቢያዎቹን የሚያዩበት የመመልከቻ ሰገነት ነው፣ ከነመቀመጫውና ከነጥላው። ከዚያ ላይ ወንዛችን በጣም ያምራል አሉ፣ በተለይ ሲሞላ። ለመንደሮቹ ተብሎ በኮሚቴዎ ውስጥ የተቀመጡት ተወካያችንም ለሰገነቱ እጃቸውን አውጥተዋል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ እሳቸውን አልወቅስም፣ አበላቸው በሰዓቱ ይድረሳቸው።

እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ ትሕትናዬን ለአፍታ ላስቀምጠው። ልጄን ልቀብር ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው እግሯ ማበጡንና አለማበጡን ነበር፣ ቀጥዬ ደመናውን። ማራገቢያዎ ከኮረብታው ላይ እየጮኸ ሲዞር እርግማን አፌ ላይ እየመጣ መልሼ እውጠው ነበር። ይህን የሚያክል ብረት ሰማይ ላይ ያቆመ ሰው አንዲት ነፍሰ ጡር የምትሻገርበት ጥቂት ሳንቃ እንዴት ያቅተዋል እያልኩ እበግን ነበር። አሁንም ያበግነኛል። ይኸው ጨረስኩ፣ ትሕትናዬን መልሼ ለብሻለሁ።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ስለ ማስታወቂያ ሰሌዳው ነው። ጥያቄያችን ውድቅ በሆነ ሰሞን አንድ የጭነት መኪና እየተንገዳገደ መጣና የእኔን ክፍል የሚያክል የብረት ሰሌዳ አወረደ። ይህ ድልድይ የተሠራው በፈንዱ የአካባቢ ልማት ድጋፍ ነው ይላል። ከጽሑፉ በላይ እርስዎ በፎቶ ፈገግ ብለው አሉበት፣ ጉንፋኑም ለቆዎታል። ሠራተኞቹን ድልድዩ እኮ ተከልክሏል ብንላቸው፣ እኛ ከማስታወቂያ ክፍል ነን፣ ድልድዩ አይመለከተንም፣ የማስታወቂያው በጀት ቀድሞ የጸደቀ ነው አሉን። ነፋስ እንዳይጥለው ከጀርባው በብረት ዘንግ የተወጠረ፣ ሁለት ወፋፍራም ረጃጅም ምሰሶ ያለው፣ እጅግ የተዋጣ ሥራ ነው። መትከያው ሲሚንቶ ግን በድልድዩ በጀት የተያዘ ስለነበር ከድልድዩ ጋር ውድቅ ሆኗል። ስለዚህ ድልድዩ በነበረበት ዳርቻ አቁመውት፣ ሥሩን በድንጋይ ወትፈው ሄዱ።

ልጄን ምጥ የጀመራት ዝናቡ ሳያባራ በሰነበተበት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ራሷን ይፈልጣት ጀመር፣ ከዚያ ዓይኔ ጨለመብኝ አለች። አዋላጇ ይህን ካየሽ አንዲት ደቂቃ እንዳትቆዪ ያለቻት ምልክት ነው። መኪና ተፈልጎ ታጣ። የምናደርገውን ሳናውቅ ደግፈን ወንዙ ዳር አደረስናት። ውሃው ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ማዶ የጤና ጣቢያው በር ይታያል፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ሲገባ ሲወጣ ይታያል። ባሏ ልዋኝ እያለ ልብሱን ሲያወልቅ ሁለት ሰው አንቆ ያዘው። አጎቴ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አየው። ድልድዩን ካፈረስንበት ቀን ጀምሮ ከሰላምታ በቀር ቃል ያልወጣው ሰው፣ በሉ እዚህ ጋ ያዙልኝ አለ።

ነቀሉት። ከነምሰሶው ከዚህኛው አለት ወደዚያኛው አጋድመው በገመድ ጠፈሩት። ምሰሶዎቹ ባዶ የቀሩበትን በኩል አጎቴ የገዛ ቤቱን በር አስነቅሎ አለበሰው። ፊትዎ ወደ ላይ የሆነው ለንቀት እንዳይመስልዎ፤ ዘንጉ ያለበት ጀርባ ከሥር ካልሆነ ክብደት አይችልምና ነው፣ ይህንንም በተለይ እንዳስረዳልዎ አጎቴ አዞኛል። ልጄ ከፊት በባሏ ከኋላ በእኔ ተይዛ ገባች። ድጋፍ ከሚለው ጀምራ፣ ልማት የሚለውን ረግጣ፣ አካባቢን አልፋ፣ እርስዎ ጋ ስትደርስ ምጡ ጠንክሮ ያዛት። ግንባርዎ ላይ ቆማ እስኪለቃት ጠበቅን። ውሃው ከሥራችን እየጮኸ፣ ሰሌዳው ንቅንቅ አላለም። በዚያች ሰዓት ደግፈውናል፣ ይህን ውለታ አልክድም።

አዋላጇ በር ላይ ተቀበለችን። ሲነጋጋ ሴት ልጅ ተወለደች። እናቲቱም ልጂቱም ተርፈዋል። ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብላ አዋላጇ የነገረችኝን እዚህ አልጽፈውም፣ ብጽፈው ትሕትናዬን ዳግመኛ ማስቀመጥ ይኖርብኛል።

እንግዲህ ወደ ደብዳቤዎ ልምጣ። የፈንዱን ንብረት ያለ ፈቃድ ከቦታው በማንሳትና ከተሰጠበት ዓላማ ውጭ በማዋል ጥፋት እንደፈጸምን፣ ሰሌዳውን በአስቸኳይ አንስተን ወደነበረበት ካልመለስን በሕግ እንደምንጠየቅ ጽፈዋል። ድልድይ ለመከልከል ያን ያህል ወር የፈጀበት ቢሮ ይህን ደብዳቤ ልጂቱ ሳትጠመቅ፣ ስም ሳይወጣላት ማድረሱ ያስመሰግናል። ግን ክቡር ሆይ፣ ሰሌዳው ራሱ ይህ ድልድይ የተሠራው በፈንዱ ድጋፍ ነው ይላል። ቆሞ ሳለ ውሸቱን ነበር፣ ስናጋድመው እውነቱን ሆነ። መልሰን ብናቆመው እርስዎን በአደባባይ ዋሾ ማድረግ ነውና፣ ይህን በክብርዎ ላይ ለመፈጸም እጃችን አልታዘዝ ብሎናል። ከከሰሱን እንቀርባለን። ዳኛው ቦታውን ልይ ካሉም በደኅና ይሻገራሉ።

እስከዚያው ድረስ መንደሩ በሙሉ ቀኑን ሙሉ ይመላለስብዎታል። ጭቃ ይዘን ፊትዎን እንዳንረግጥም አጎቴ ከወዲህ በኩል የእግር መጥረጊያ አኑሯል። ከወዲያ በኩል ለሚመጡት ገና አላኖረም፣ እንደምንም ይታገሱን።

የክብርዎን ጤናና የነፋስዎን ብርታት እየተመኘሁ፣ የሰገነቱ ምረቃ እንዲሳካልዎ፣ የሪባኑ መቀስም እንዳይዶለዱምብዎ (ከዶለዶመ ይላኩልኝ፣ እስለዋለሁ፣ ጥገና ነውና ለማንም አልናገርም)፣ እጅ በመንሳት እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
ልብስ ሰፊዋ፣ ከእሑድ ንጋት ወዲህ ደግሞ አያት

ግልባጭ፦ ለማስታወቂያ ክፍል፤ ከፈንዱ ክፍሎች ሁሉ አንድ ነገር ሠርቶ ያስረከበን እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ይህኛው ምስጋና ከልብ ነው።

ማስታወሻ፦ ከእኛ በላይ ያለው መንደር ሰዎችም የድልድይ ማመልከቻ እያዘጋጁ ነው። ብዙ እንዳይደክሙ ሲሉ ከወዲሁ ውድቅ እንዲያደርጉላቸው በትሕትና ይለምናሉ። ወንዙ እዚያ ላይ ሰፋ ስለሚል ግን፣ ፎቶዎን ተለቅ አድርገው ይነሡላቸው።